የድሮ ማዕድን ማውጫ ተረክበናል፤ ከየት እንጀምር?

የጉድጓድ ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። መድረኩን በዝምታ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ብቅ ብያለሁ።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ የተዘጋ የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ለመንከባከብ ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አግኝተናል። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን። ግማሾቹ ግንበኛና መካኒክ ናቸው፤ ሌሎቻችን ያለን ጉጉት ብቻ ነው። ቦታው ላይ የሞተር ቤት ከነጭስ ማውጫው አለ። ውስጡ ዝገት የበላው የእንፋሎት ሞተር ቆሟል። ከጎኑ ቁልቁል የወረደ ጉድጓድ አለ፤ አፉ በብረት ፍርግርግ ተከድኗል። ከኮረብታው ሥር ደግሞ አፈር ተንዶ የደፈነው የዋሻ መግቢያ አለ። በተናደው አፈር ሥር ቀይ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ድሮ ደህና አድርጎ ይፈስ ነበር ይላሉ፤ አሁን ቀንሷል።

ሐሳባችን በመጪው ቅዳሜ በአካፋና በትንሽ ኤክስካቫተር መግቢያውን መክፈት ነው። ከዚያ ሞተሩን በአሸዋ ርጭት አጽድተን ቀለም እንቀባዋለን፤ የጭስ ማውጫውን የድንጋይ መገጣጠሚያ ደግሞ በሲሚንቶ እንሞላለን። ምን ትላላችሁ?

ውሃ ልክ

ቅዳሜን ሰርዙ። ሌላውን በኋላ እናወራለን።

«ድሮ ይፈስ ነበር፣ አሁን ቀንሷል» ያልከው ነው ያስደነገጠኝ። ወደ ማዕድኑ የሚሰርገው ውሃ ብዙ ጊዜ በራሱ አይቀንስም እኮ። መውጫው ሲጠብ ውሃው ከናዳው ጀርባ ይጠራቀማል። ምን ያህል ከፍታ እንደያዘ ከውጭ ቆሞ የሚያውቅ የለም። አንድ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ሠላሳ ሜትርም ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 30 ቶን ገደማ ጫና አለ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ይዞ ያቆመው የላላ አፈር ነው። እናንተ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ በአካፋ ልትነካኩት ነው።

ነገሩ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2015 ኮሎራዶ ውስጥ ጎልድ ኪንግ በሚባል የተተወ ማዕድን ማውጫ የተደፈነ መግቢያ ላይ ሲቆፈር፣ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ድንገት ጥሶ ወጣ። 3 ሚሊዮን ጋሎን ነው፤ ወደ 11 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ብረትና ሌሎች ከባድ ማዕድናት የሞሉት ውሃ አኒማስ የተባለውን ወንዝ ብርቱካናማ አደረገው። ቦታው ላይ የነበሩት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ያሰማራቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ማሽንም ዕቅድም ነበራቸው።

ለእናንተ የሚቀርበው ግን የማግፓይ ታሪክ ነው። እንግሊዝ፣ ደርቢሻየር ውስጥ ያለ የእርሳስ ማዕድን ነው። ውሃውን የሚያወጣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የማፍሰሻ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1881 ተጠናቀቀለት። ማዕድኑ በ1950ዎቹ ተዘጋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋሻው ውስጡ ተናደና ውሃው ታገደ። ለጥቂት ዓመታት ጸጥ አለ። በ1966 ግን ግፊቱ ኮረብታውን በጥሶ ጭቃና ድንጋይ ወንዙ ውስጥ ዘረገፈ። ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነው የፈነዳው። ስለዚህ ፊት ለፊቱ መኪና እንኳ አታቁሙ።

የጉድጓድ ልጅ

ኧረ ጉድ! ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጆቹ አሁኑኑ ደውዬ ቅዳሜን አሰርዣለሁ። ታዲያ ምን እናድርግ? እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

ውሃ ልክ

አትቀመጡም። ለኩ።

ቁልቁል የወረደው ጉድጓድ አለ አይደል? በፍርግርጉ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር አውርዱና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ እዩ። ከዚያ የጉድጓዱን አፍና የዋሻውን መግቢያ የከፍታ ልዩነት በቀያሽ መሣሪያ አስለኩ። ሁለቱን ስታቀናንሱ ውሃው ከመግቢያው ምን ያህል በላይ እንደቆመ ትገምታላችሁ። ጉድጓዱና ዋሻው ውስጥ ለውስጥ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ቢገናኙም መሀል ላይ ሌላ ናዳ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ «ሰላም ነው» ብላችሁ እንዳትገቡ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ለኩ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በማግስቱ ጨምሩ።

ውሃውን የማስለቀቅ ሥራ የማዕድን መሐንዲስ ነው። ብዙ ጊዜ ከላይ ወይም ከጎን ቫልቭ ያለው ቀጭን ቀዳዳ ይቦረቡርና ቀስ እያለ ያስተነፍሰዋል። የሚወጣው ቀይ ውሃ ቀጥታ ወንዝ ውስጥ መግባት የለበትም። ዝቃጩ የሚያርፍበት ኩሬ ያስፈልጋል፤ የውሃ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድም እንዲሁ።

ካርታ ሳዪ

ውሃ ልክ የመጀመሪያውን ነገረህ። እኔ ሁለተኛውን ልንገርህ፦ ምንም ሳትነኩ ሁሉንም መዝግቡ።

መመዝገብ ስል በስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ባለበት ቦታ፣ ከጎኑ መለኪያ ተቀምጦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት። ወለል ላይ የወደቀ ብሎን ሳይቀር። ብሎኑ የወደቀበት ቦታ ከየትኛው ክፍል እንደተፈታ ይናገራላ። አንዴ «እናጽዳ» ብላችሁ በባልዲ ከሰበሰባችሁት በኋላ ግን ዝም ይላል።

ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ ይረቃል። በሻማ ዘመን ማዕድን ቆፋሪዎች ሻማቸውን በእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ያ የጭቃ ጉብታ እስከ ዛሬ ተለጥፎ የሚገኝባቸው ቦታዎች አሉ። ጠጋ ብለህ በጎን መብራት ስታየው የአውራ ጣት አሻራ ይታያል፤ መስመሮቹ ሳይቀሩ። በትከሻህ ነካ ካደረግከው አለቀ። የመዶሻና የመሮ ምልክቶቹም እንደዚያው ናቸው፤ ሰውዬው ከየት ወደ የት እየቆፈረ እንደሄደ ከምልክቶቹ አቅጣጫ ይነበባል።

ስለ አሮጌ ካርታ ደግሞ አንድ ነገር። የድሮ የማዕድን ካርታዎች ብዙዎቹ የተሣሉት በኮምፓስ ነው። መግነጢሳዊ ሰሜን ደግሞ ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል። የመቶ ዓመት ካርታ ወስደህ በዛሬው ላይ እንዳለ ብታነባብረው ዋሻዎቹ በብዙ ሜትር ፈቀቅ ብለው ይቀመጡልሃል። መጀመሪያ ካርታው የተሣለበትን ዓመት ፈልግ፤ የዚያን ዓመት ልዩነት አስተካክል፤ ከዚያ አነባብር። ዓመት ያልተጻፈበት ካርታ ካጋጠመህ እዚህ ለጥፈው፤ እንተጋገዛለን።

ዝገት ወዳጅ

እሺ፣ ውሃውን ለጋሼ ተውኩ። እኔ ወደ ሞተሩ።

የአሸዋ ርጭት የሚባለውን ሐሳብ ከአእምሮህ አውጣ። ዝገቱ ሥር የመጀመሪያው ቀለም ቁራጭ አለ። ሞተሩን የገጠሙት ሰዎች በብረት ማህተም የመቷቸው ቁጥሮችና ነጥቦች አሉ፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። አሸዋ ይህን ሁሉ በደቂቃ ይበላዋል። መጀመሪያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ ሰርጎ የሚገባ ዘይት፣ ከዚያ ትዕግሥት። የተጣበቀ ፒስተን በመዶሻ አይለቅም፤ ዘይት እየጠጣ ወራት ይፈጅ። አንድ ቀን በእጅ ማዞሪያው ስትገፋው ጸጉር ታህል ይንቀሳቀሳል። ያን ቀን ትጨፍራለህ።

ደግሞ አይቻልም የሚልህን አትስማ። እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ ሌቫንት የሚባል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን አለ፤ ዋሻዎቹ ከባሕር ወለል ሥር ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1840 የተሠራው የእንፋሎት ሞተሩ በ1930 ቆመ። በ1935 ለቁርጥራጭ ብረት እንዳይሸጥ የተሰባሰቡ ሰዎች አተረፉት። በ1980ዎቹ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ገቡበት። ግሪስ ለብሰው ስለሚውሉ «ግሪዚ ጋንግ» ይሏቸው ነበር። ከ60 ዓመት ገደማ ዝምታ በኋላ በእንፋሎት አንቀሳቀሱት። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሞተር የተሠራው ሊዞር ነው። የቆመ ሞተር ሬሳ ነው።

አቧራው ይቅር

ዝገት ወዳጅ፣ ሁሌ የምንጣላበት ነገር እነሆ ተመልሶ መጣ 😄

አንተ «ሬሳ» ያልከውን እኔ ምስክር እለዋለሁ። ሞተር በዞረ ቁጥር ይበላል። ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ቀጥሎ ፒስተኑ፣ ቀጥሎ ቫልቩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚዞረው የእናንተ ሞተር ነው እንጂ የእነሱ አይደለም። ማሳየት ከተፈለገ ኢስት ፑል የሚባለውን ማዕድን እይ፤ እዚያው ኮርንዎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የተሠራው፣ ማዕድን ከጉድጓድ ይጎትት የነበረው ሞተር ዛሬ የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቦይለር፣ ያለ ጫና። ጎብኚው አሠራሩን ያያል፣ ብረቱም ያርፋል።

ደግሞ ሌቫንትን አነሳህ። ሌቫንት ሲባል የአካባቢው ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ያንን ሞተር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1919 ሠራተኞችን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው ማሽን ተበጠሰና 31 ሰው ሞተ። ማሽኑ በጉድጓዱ ቁመት የተዘረጋ ረጅም የእንጨት ምሰሶ ነበር፤ መርገጫ አለው፤ ከፍ ዝቅ ሲል ሰዎቹ ከመርገጫው ወደ ጉድጓዱ ጎን መቆሚያ፣ ከመቆሚያው ወደ ቀጣዩ መርገጫ እየተሻገሩ ይወጣሉ። የፈረቃው ሰዎች እየወጡ ሳለ ምሰሶውን ከላይ የያዘው ብረት ተበጠሰ። የሚያብረቀርቅ ሞተር ይህን አይነግርህም። ባዶው ጉድጓድ ይነግርሃል።

እኔን የገረመኝ ቦታ ጂቨር ነው፤ እሱም ኮርንዎል ያለ የቆርቆሮ ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘጋ። ሠራተኞቹ ልብስ የሚቀይሩበትና የሚታጠቡበት ክፍል እንደወጡበት ተትቷል። ቁም ሳጥኖቹ አሉ፤ የሥራ ልብሱ ተሰቅሏል። ማንም አጥቦ አልተኮሰውም። ጎበዝ ባለሙያ እዚያ የሠራው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ያ ደግሞ ከባድ ነው፤ የሰው እጅ ያሳክከዋል።

ዝገት ወዳጅ

አንተ ሰውዬ፣ ልብስ መስቀል ሌላ፣ ሞተር ሌላ! ያልተነካ ብረት አርፎ አይቀመጥም፤ ይዝጋል። «ምንም አለመሥራት» ስትል ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ወይ? ጂቨርም ቢሆን ጣሪያ የሚጠግን ሰው አለው። ቦይለሩን በተመለከተ ግን እስማማለሁ። የድሮ ቦይለር በእንፋሎት መሙላት ቀልድ አይደለም። ያለ ተቆጣጣሪና ያለ የውሃ ግፊት ፈተና ማንም አይሞክረው። ሞተሩን በታመቀ አየር ማዞርም ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ሞተር የማይዞርበት ቦታ ወጣት አይመጣም። ወጣት ካልመጣ ቀጣዩን ጣሪያ ማን ይጠግናል?

አቧራው ይቅር

እሱን አልክድም። ግን ወጣቱ የሚመጣው ለጭሱ ከሆነ፣ ጭሱ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል።

ኖራና ድንጋይ

እነዚህ ሁለቱ አይታረቁም፤ እኔ ስለ ጭስ ማውጫው ልናገር።

ሲሚንቶ አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሮጌው ግንብ የተሠራው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ስትሞላበት እርጥበቱ በመገጣጠሚያው መውጣት ያቅተውና በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል። ጨውና ውርጭ ተጨምረውበት የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። በመጨረሻ ድንጋዩ ጎድጎድ ብሎ ሲሚንቶው ብቻ እንደ አጥር ገፍትሮ ታየዋለህ። ያንን ሲሚንቶ ለማውጣት ደግሞ ድንጋዩን መስበር ነው።

መጀመሪያ ከአሮጌው ምርጊት ትንሽ ናሙና ውሰዱና አስመርምሩ፤ አሸዋው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ። አዲሱ ሁልጊዜ ከድንጋዩ የላላ ይሁን። ከሠራችሁ በኋላ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ውርጭ ባለበት ወቅት አትንኩት። ችኩል ሰው የኖራ ሥራ አይሆንለትም።

ግድግዳው ላይ ሐረግ ከበቀለ መንቀል ክልክል ነው! ሥሩ ድንጋዮቹን አቅፎ ይዟል። ከታች ቁረጡትና እዚያው ይሙት። ሲደርቅ፣ ግንበኛው ባለበት፣ ቀስ እያላችሁ ታነሱታላችሁ።

ፋኖስ

አንድ ቀን መግቢያው በሥርዓቱ ተከፍቶ መግባታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ።

አየሩ ያታልላል። ጤነኛ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ኦክሲጅን አለ። መለኪያችሁ ከ19.5 በታች ካሳየ ተመለሱ። እንጨት ሲበሰብስና ማዕድኑ ሲዝግ ኦክሲጅን ይበላል። ቀስ በቀስ ሲቀንስ ሰው አይታፈንም፤ ይደክመዋል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፤ ጎንበስ ያለው ሰው ነው መጀመሪያ የሚወድቀው። የተኛ ውሃ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሊለቀቅ ይችላል። ሽታው ድንገት ከጠፋ ጋዙ ሄደ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ራሱ ማሽተት ያቆማል። የአየር ግፊት ሲወርድም፣ ማለትም ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ከታሸጉ ክፍሎች መጥፎ አየር ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ትናንት ደህና የነበረ ቦታ ዛሬ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ቆፋሪዎቹ ማዕድኑን ከላይም ከታችም እየበሉ ሲሄዱ መሀል ላይ እንጨት ያጋድሙና ጥራጊ ድንጋዩን እላዩ ይከምሩ ነበር። ዛሬ ስትራመዱበት ደረቅ መሬት ይመስላል። እንጨቱ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በጣት ይፈረፈራል። ሥሩ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ባዶ። ከጭንቅላታችሁ በላይ እንጨት ላይ የተከመረ ድንጋይ ስታዩም ያው ነው። በሳል ሰው ሳይቀድም ማንም አይራመድ። ውጭ ደግሞ መመለሻ ሰዓታችሁን የሚያውቅ ሰው ይኑር።

እርሳስ ማዕድን ስለሆነ አቧራው ራሱ መርዝ ነው። እጅ ሳትታጠቡ እንዳትበሉ። የሥራ ልብስ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ፤ በተለይ ሕፃን ያላችሁ።

የሌሊት ወፍ ጠበቃ

ፋኖስ ሁሉን አለው፤ እኔ አጭር ነኝ። የተተዉ ዋሻዎች የሌሊት ወፎች የሚከርሙባቸው ቦታዎች ናቸው። ከብርድ ወቅት እንቅልፋቸው አንዴ ከነቁ፣ ሙቀቱ እስኪመለስ ሊያደርሳቸው የሚገባውን ስብ ያቃጥሉታል። ብዙ አገር ውስጥ እነሱን መረበሽ በሕግ ያስቀጣል። ከመክፈታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ያስቆጥር። በር ስታሠሩ ብረቶቹ አግድም ይሁኑ፤ በመሀላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተው። ሰው አያልፍም፣ ወፏ ታልፋለች፣ አየሩም እንደ ድሮው ይተላለፋል። በቆርቆሮ የሚደፍኑትን እግዚአብሔር ይይላቸው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ መዶሻ ይዤ አላውቅም፤ ዋሻም እፈራለሁ። ለእንደኔ ዓይነት ሰው የሚሆን ሥራ አለ?

ካርታ ሳዪ

ዋናው ሥራ ያንተ ነው! እዚያ የሠሩ ወይም አባታቸው የሠራላቸው አዛውንቶች ካሉ ድምፃቸውን ቅዳ። ግን «እንዴት ነበር?» ብለህ አትጠይቅ፤ «ጥሩ ነበር» ብለው ይዘጉታል። የድሮ ፎቶ ወይም ካርታ ፊታቸው ዘርጋና ዝም በል። ጣታቸውን አስቀምጠው «እዚህ ጋ መብራት ነበረ፣ እዚህ ጋ እከሌ እግሩን ተሰበረ» ማለት ይጀምራሉ። በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ ዋሻ የሚነግርህም እንዲህ ያለ ሰው ነው። ይሄ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ድንጋዩ ይጠብቅሃል፣ እሳቸው ላይጠብቁህ ይችላሉ።

የጉድጓድ ልጅ

ሰላም፣ ተመለስኩ። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

መግቢያው ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ በሙሉ አጥረን ማስጠንቀቂያ ለጥፈናል። ቀያሽ የሆነች እህት ተባብራን ከፍታውን ለካችልን። ውሃው ከመግቢያው ወለል በ11 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ካለፈው ሳምንት ወዲህም ከፍ ብሏል። አንድ የማዕድን መሐንዲስ መጥቶ ሊያይልን ተስማምቷል፤ እስከዚያ ማንም አይጠጋም። ታች ሰፈር ያሉትን ሰዎችና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትም በጽሑፍ አሳውቀናል።

ሞተሩ ላይ ቡድናችን እንደናንተው ለሁለት ተከፍሏል። ለጊዜው የተስማማነው ጣሪያውን በላስቲክ ሸፍነን ዘይት ብቻ ማጠጣት ላይ ነው። ብሩሽ ስናደርግ ግን ከዝገቱ ሥር ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀጭን ቀይ መስመር አለው። ልጆቹ ደስታቸው ሌላ ነው። አቧራው ይቅር፣ ይሄንን እንተወው ወይስ የሆነ ነገር እንቀባው?

አቧራው ይቅር

አትቀቡት! መለኪያ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ፤ ከቀለሙ ፍርፋሪ ትንሿን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ለምርመራ ይሆናል። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ስለማይጠፋ በባዶ እጅ አትንኩት። ዘይቱንም ከቀለሙ አርቁት፤ ያነሳዋል።

ዝገት ወዳጅ

በዚህ እስማማለሁ። ተአምር ነው 😄 ቀለሙ ያለበትን ፎቶ ለጥፉልን እንጂ።

ውሃ ልክ

ቀለሙ ይቆየን። 11 ሜትሩ ያሳስበኛል፤ ሽቅብ እየሄደ መሆኑ ደግሞ ይብሳል። መሐንዲሱ መቼ ነው የሚመጣው? በዚህ ሳምንት ካልሆነ ሌላ ፈልጉ።

ደግሞ ከየት ተነስታችሁ ነው የለካችሁት? ከፍርግርጉ ጠርዝ ከሆነ ፍርግርጉ ሲነቃነቅ ቁጥሩም አብሮ ይነቃነቃል። ከጉድጓዱ አፍ ጎን የማይላወስ ድንጋይ ላይ ምልክት አድርጉና ሁሌ ከእሱ ለኩ። የዝናቡንም መጠን ከጎኑ ጻፉ። የነገውን ንባብ እዚሁ አስቀምጥልኝ፤ አየዋለሁ።